አንድ ስም፣ ስንት ዓሣ? በ41 መልስ ያላለቀው የነጭ ዓሣ ክርክር

ነገሩ የተጀመረው ከመክተፊያ ላይ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በጣና ዳር ካለችው ከጎርጎራ ዓሣ እያመጣ በየቤቱ ከሚያዞረው ልጅ ሁለት ነጭ ዓሣ ገዛሁ። ሁለቱንም በአንድ ፌስታል፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ ሰጠኝ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ቅርፊታቸውን ስፍቅ ግን ዓይኔ ተጠራጠረ። አንደኛው ከንፈሩ ወፍራም ነው። ሥጋው ተንጠልጥሎ ወደ ፊት ወጥቷል፣ የተኮሳተረ ሽማግሌ ይመስላል። ሌላው ቀጠን፣ ረዘም ያለ ነው፤ አፉ ግን እስከ ዓይኑ ሥር ተቀድዷል። ሆዳቸውን ስከፍት ነገሩ ባሰ። የከንፈራሙ ሆድ የያዘው ጭቃና የትል ስብርባሪ ነው። ከሰፊ አፉ ሆድ ግን አንዲት ትንሽ ዓሣ ወጣች። ጣቴን ታክላለች። ቆዳዋ መላላጥ ጀምሯል እንጂ ሙሉ ናት፤ ጭንቅላትም ጅራትም አላት። በቢላዋ ጫፍ አገላብጬ አየኋት። አንድ የጥርስ ምልክት የለባትም።

እናቴ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ እነዚህስ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ፎቶ አንስቼ የጎንደር ልጆች የምንወያይበት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ እነዚህ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው ወይስ ሁለት? እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ከትምህርት ቤት የቀረችኝን እውቀት አከልኩበት። ጣና ሚሊዮን ዓመታት ሳይነጥፍ የኖረ ሐይቅ መሆኑን፣ ዓሦቹም በዚያ ሁሉ ዘመን እዚያው ቀስ በቀስ እየተለያዩ መምጣታቸውን በሙሉ ልብ ጻፍኩ። ለዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ዋጋዋን ከፍያለሁ።

እስከ እሑድ ማታ 41 መልስ መጣ። የመልሶቹ ክር በመርዘሙ ከመሃል ገብተው ግራ የተጋቡ ስላሉ፣ የተባለውን እንደ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ፍሬ የሌለውን እዘለዋለሁ።

1ኛው መልስ ስንት ገዛሽው የሚል ነበር። ጎንደር ውስጥ የትኛውም ውይይት ቢሆን የሚጀመረው ከዋጋ ነው።

2ኛው የመጣው ከዚህ በኋላ እርግጠኛው እያልኩ ከምጠራው ሰው ነው። ስሙንም ፎቶውንም አያሳይም፤ የሚጽፈው ግን እንደ ማኅተም ነው። ነጭ ዓሣ ዓሣ በሊታ መሆኑ ለማንም ያልተሰወረ ነገር ነው፤ ጥርስም አለው፤ አንድ ዘር ብቻ ነው፤ ያየሁት ልዩነት የዕድሜና የጾታ ነው። ይኸው ነው። ጨርሶም ሰው ባላደናግር እንደሚሻል መከረኝ።

3ኛዋ ጎርጎራ ወደቡ አካባቢ ዓሣ በማጽዳት የምትተዳደር ሴት ናት። እህቴ እያለች ነው የጻፈችልኝ። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ስትሠራ ጀምሮ ጣቷን ነጭ ዓሣ አፍ ውስጥ እየከተተች እንዳደገች፣ አንድም ቀን እንዳልተነከሰች ነገረችን። ጥርስ የሚባል ነገር የለውም። ጉሮሮው ጋ ሲደርሱ ግን ጣት የሚቧጭር ነገር አለ። ደግሞም በባሕሩ ዳር ሰዎች ዓሦቹ እንደሚለያዩ አሳምረው ያውቃሉ፤ መረቡ ድንጋያማው ጋ ሲጣል የሚወጣው ሌላ፣ ጭቃው ጋ ሌላ፣ ከወለሉ ራቅ ብሎ መሃል ባሕር ላይ ሌላ ነው። ፌስታል ውስጥ ሲገቡ ነው አንድ ስም የሚይዙት። ጉሮሮ ያለችውን ነገር ልብ በሏት፤ እንመለስባታለን።

4ኛው ረጅሙ ነው። የጻፉት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለእርግጠኛው በጨዋ ደንብ ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ያዙት። በጣና ነጭ ዓሣ ከሚባለው መካከል ዛሬ የሚታወቁት 15 ዓይነቶች እንደሆኑ፣ ሳይንሱ በአንድ ወገን ሰብስቦ ላቤኦባርበስ እንደሚላቸው አስረዱ። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ሌሎቹ ጭቃ እየጫሩ ትል የሚለቅሙ፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብሩ፣ ሳር የሚበሉ፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት የሚያጣሩ አሉባቸው። የኔን ከንፈራም ኔድጂያ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሰፊ አፉን ግን ከፎቶ ብቻ ለመወሰን አልደፈሩም፤ ሰፊ አፍ ያለው አንድ ብቻ አይደለምና።

ቀጥለው ያመጡት ታሪክ ክሩን አሞቀው። ከእነዚህ ዓሦች የመጀመሪያዎቹን ለዓለም ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ እዚሁ ጎንደር ወራት ተቀምጧል። ከጻፋቸው ስሞች አንዱ ጎርጓሪ ነው፤ ሌላው ሱርኪስ። አንዲት በድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ዓሣ ደግሞ ጋራ ደምቤንሲስ ተብላለች፤ ደምቤያ ማለት ነው፣ የእኛው ደምቢያ። ከዚያ ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ቢኒ የሚባል ተመራማሪ ዘሩንም ንዑስ ዘሩንም አበዛዝቶ ከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ከሰየማቸው አንዱ ጎርጎሬንሲስ ነው፣ በጎርጎራ ስም። እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዘር ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናግልከርክ እና ሲቢንግ የሚባሉ የሆላንድ ሰዎች ዓሣ አስጋሪዎቹ ለይተው የሚያውቁትን ይዘው፣ እየለኩ፣ ሆድ እየከፈቱ፣ እንደገና ለያዩዋቸው። ስለዚህ አንድ ናቸው ወይስ ብዙ የሚለው ጥያቄ የኔ ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንቱም ሲቋጥሩና ሲፈቱ ኖረዋል።

ጋሼ በዳር በኩል አንዲት ነገር ጣል አድርገዋል። ጎርጓሪ የሚለውን ቃል የእኛ ሰው ሲያነበው ቁልጭ ያለ አማርኛ ይሆንበታል፤ ምናልባት ሩፔል ስሙ ማነው ብሎ ሲጠይቅ ታንኳ ላይ የነበረ አንድ ሰው የመለሰለት ይሆን እንዴ ብለው። ግምት መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። እኔ ግን ያን ሰው ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ እስካሁን ይታየኛል።

5ኛው በዚህ ተደስቶ የጎንደር ስም በላቲን ቋንቋ መግባቱን አወጀ። 6ኛው ባሕር ዳር የሚኖር ልጅ ነው፤ ጣና የጎንደር ብቻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ተነሳ። ከ7 እስከ 10 ያለው የዚሁ ጭቅጭቅ ነው፤ ማን የሐይቁን ስንት ዳርቻ እንደያዘ፣ የፋሲል ደጋፊዎች ምን እንዳሉ፣ የባሕር ዳር ደጋፊዎች ምን እንደመለሱ። ዝለሉት። ዓሣው የክልልና የዞን ካርታ አያነብም ያለው 10ኛው ብቻ ሳያስቀኝ አላለፈም።

11ኛው መጣና እኔን አፈረጠኝ።

የጻፈው የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ ላይ የሚሠራ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። በትሕትና ጀምሮ፣ ጣናን የሚሊዮን ዓመታት ያልነጠፈ ሐይቅ ማለቴ ስህተት መሆኑን ነገረኝ። ገንዳው ራሱ፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው አለት ውኃውን ገድቦ የሠራው ጎድጓዳ፣ በርግጥ አሮጌ ነው። ውኃው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣ ደለል ተመርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጥናት መሠረት ጣና ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ደርቋል። የዛሬው ባሕር ያኔ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር። ተመልሶ ሞልቶ ዓባይን ማፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ወዲህ ነው። ይህ ደግሞ የሚያስገርም አይደለም አለ፤ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ሰፊ ትሪ ማለት ነው። ዝናብ ለረጅም ዘመን ከቀነሰ ትሪ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

እና ዓሦቹ? ወንዝ ውስጥ ነበሩ። ሐይቁ ሲሞላ ከወንዞቹ የገቡት የዛሬዎቹ የ15ቱ አያቶች ናቸው ማለት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ያነሰ ይመስላል እንጂ ገዘፈ ባይ ነው፤ ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶ መለያየትማ ማንም ያደርገዋል፣ በ15,000 ዓመት ግን ከንፈሩም አፉም ሆዱም እንዲህ መራራቁ ነው የሚደንቀው።

ስህተቴን አምኜ ጽሑፌን አስተካከልኩ። እርግጠኛው በ12ኛው መልስ ገብቶ፣ ስለ ሐይቁ የተሳሳተች ሰው ስለ ዓሣው ልታስተምረን አትችልም አለ። ይህችን አልረሳለትም።

13ኛው ወዲያው ወደ ሃይማኖት አዞረው። ዓሣ የተፈጠረው ሐሙስ ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም፣ ወንዝ ገብቶ ሐይቅ ወጥቶ ተለወጠ የሚለው የፈረንጅ ተረት ነው የሚል፣ ቆጣ ያለ መልስ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ሊሳለቅበት ሲቃጣው፣ የመልሳቸው አጻጻፍ የአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ የሚመስል አባት በ14ኛው ገቡና ሁሉንም አበረዱ። ውኃ በየወገኑ ታስገኝ የተባለው ራሱ ወገን ብዙ መሆኑን እንደሚናገር፣ የፈጣሪን ሥራ አገላብጦ መቁጠርና መመርመር ደግሞ ኃጢአት ሆኖ እንደማያውቅ ጻፉ። 13ኛው አንቱ ብሎ አመሰገናቸው፤ አቋሙን ግን አልለወጠም። እኔም ከዚህ በላይ አልገባበትም።

15ኛዋ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ወደ ዘረመሉ ይዛን ገባች። ከእናት ብቻ የሚወርደው የዘረመል ክፍል ሲመረመር፣ የጣና ነጭ ዓሦች እርስ በርሳቸው ልዩነታቸው በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጠኛው ይህን ሲያነብ የተሰማው ደስታ እስከ ማራኪ ተሰምቷል። 16ኛው መልስ ሙሉ በሙሉ የድል ነጋሪት ነው፤ አንድ ናቸው አላልኩም?

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። በ17ኛው ተመልሳ፣ ይህ አንድ መሆናቸውን ሳይሆን የተለያዩት በቅርብ መሆኑን ነው የሚናገረው አለች። ያ የዘረመል ክፍል የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነው፤ 15,000 ዓመት ለሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በሽታ የሚከላከሉት ጂኖች ሲታዩ ግን በዓይነቶቹ መካከል ልዩነት ተገኝቷል። ደግሞ የእነዚህ ዓሦች ዘረመል ለቆጠራ አስቸጋሪ ነው። ነጭ ዓሣ ራሱ የሚመደብበት የካርፕ ወገን ዓሦች ብዙዎቹ 50 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ላቤኦባርበስ ግን ወደ 150 አለው። እኛ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ቅጂ ስንይዝ፣ እነሱ ስድስት ስድስት ነው የያዙት። አንደኛው ቅጂ ሥራውን ሲሠራ ሌላው ነፃ ሆኖ መለወጥ ይችላል፤ ፈጥኖ ለመለያየት ይህ ሳይረዳ አይቀርም የሚሉ አሉ።

18ኛው ነገሩን ሊያቀልልን ፈልጎ በቡኮ መሰለው። ቡኮው አንድ ነው፤ ሲቀጥን እንጀራ፣ ሲወፍር አነባበሮ ይሆናል አለ። 19ኛው እንጀራና አነባበሮ ተዋልደው አያውቁም፣ ምሳሌህ ከሳይንሱ ይልቅ ምሳዬን ነው ያስታወሰኝ ብሎ መለሰለት። 20ኛው የት ነው አነባበሮ የሚገኘው ብሎ ጠየቀ። አድራሻውን የሰጠውም አልጠፋም።

አሁን ወደ ጉሮሮው ልመልሳችሁ። በ21ኛው ጋሼ ተመለሱና የጎርጎራዋን ሴት እጅግ አመሰገኗት። ጣቷን የቧጨረው ነገር ትክክለኛው የዓሣው ጥርስ ነው አሉ። የካርፕ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ያዝ አድርጎ መንከስ፣ ቦጭቆ መቁረጥ አይችሉም። ስለዚህ በሌላ አገር ከዚህ ወገን ዓሣ አዳኝ የሚሆን ጥቂት ነው። ጣና ላይ ግን 8 ዓይነት ሆኑ። ለምን? ተወዳዳሪ ስላልነበረ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ አለ፤ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወር ውኃ ነው። ከታች ያሉት ባለ ጥርስ አዳኞች፣ እነ ናይል ፐርች፣ ያን ግድግዳ መውጣት አልቻሉም። ላይኛው ቤት ባዶ ሆኖ ቆየ። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ጥርስ የሌለውም ተቀመጠበት።

ይህን ሳነብ ተነስቼ ፎቶዬን አጉልቼ ዳግም አየሁት። ያቺ ጣት የምታክል ዓሣ ሙሉ የነበረችው ለዚህ ነው። አልነከሳትም፤ ውጧታል። ምናልባትም ባርበስ ታናፔላጊየስ የምትባለዋ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ገና ስም የወጣላት የመሃል ባሕር ትንሽ ዓሣ ትሆናለች ብለው ጋሼ ጠርጥረዋል፤ ግማሽ የተፈጨ ሬሳ አይቼ ግን አልምልም አሉ።

እርግጠኛው በ22ኛው ጨሰ። ነጭ ዓሣ ጥርስ የለውም የሚል ሰው ነጭ ዓሣ አይቶ አያውቅም። እሱ በእጁ ይዞ አይቷል። የልጅ ቁመት የሚያህል፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው አይቷል። መሳቂያ አታድርጉን።

የልጅ ቁመት? ሁላችንም ቆም አልን። በ23ኛው የጎርጎራዋ ሴት ብቻ ናት በእርጋታ የጠየቀችው፤ ወንድሜ፣ አገርህ ወዴት ነው?

አርባ ምንጭ።

እዚያ፣ በጫሞና በዓባያ፣ ነጭ ዓሣ የሚሉት ናይል ፐርችን ነው። ጥርስ አለው፣ ዓሣ ይበላል፣ ግዙፍ ነው፣ ዘሩም አንድ ነው። ሰውየው ከ2ኛው መልስ ጀምሮ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ስለ ሌላ ዓሣ። ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ቃል ሁለት እንስሳ ይዘን ስንጓተት ኖረናል። እኔ እንዲያውም የገረመኝ፣ እዚያ ጢስ ዓባይ ያገደው ጠላት እዚህ ክር ውስጥ በስሙ ብቻ ሾልኮ መግባቱ ነው። እርግጠኛው በ24ኛው መልሱ ሳቀ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ጎንደር የመጣው ለሥራ እንደሆነ፣ እዚህ ሆቴል ነጭ ዓሣ ባዘዘ ቁጥር የሚመጣለት እሾህ ብቻ እየሆነበት ግራ ተጋብቶ እንደኖረም ነገረን። አሁን ወድጄዋለሁ።

ግን የእሱ ሳቅ ለ25ኛው ሐሳብ ሰጠው። ይህኛው ነጋዴ ይመስላል። ያ ባለ ሥጋው ዓሣ እንዲህ ትልቅ ከሆነ፣ እሾሃሙን ትቶ እሱን አምጥቶ ጣና ላይ መልቀቅ አይሻልም ወይ አለ። ኤክስፖርት፣ ዶላር፣ የሥራ ዕድል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሌላ ሆነ። በ26ኛው ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህንኑ ዓሣ ለቀቁት። ለጥቂት ጊዜ የጠፋ መስሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈነዳ፤ እዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሦች ዓይነቶች አለቁ። ነጋዴው ዓሣው እኮ ተሸጧል ብሎ ሊከራከር ሲሞክር፣ በ28ኛው ፊሊፒንስ ተምሮ የመጣ አንድ ልጅ የላናኦ ሐይቅን አነሳ። ላናኦም እንደ ጣና ከካርፕ ወገን የሆኑ፣ እዚያው የተለያዩ ዓሦች ነበሩት፤ ጥርስ አልባ፣ የሐይቁ ልጆች። ከውጭ የገቡ ዓሦች፣ በዛ ብሎ ማስገርና ሌላ ጣጣ ተደራርቦባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ላይ 15ቱ ጠፍተዋል ተብለው ተመዘገቡ። እንዲህ ያለ የካርፕ ወገን መንደር ሳይፈርስ የቀረው ጣና ላይ ነው። 15፣ 15። ቁጥሩ መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ግን ሳነበው ሆዴን ባር ባር አለው።

29ኛውን የጻፉት በመገጭ ዳር ያደጉ፣ ዛሬ አዘዞ የሚኖሩ አባት ናቸው። እሳቸው ቪክቶሪያን ማየት አላስፈለገኝም አሉ። ልጅ ሆነው በክረምት፣ መገጭ ደፍርሶ ሲሞላ፣ ነጭ ዓሣ ከባሕሩ እየወጣ ጠጠራማው ጋ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ይመጣ ነበር። ጀርባው ከውኃው እየወጣ ይታያል። እነሱ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ከላይ በኩል ውኃው ላይ ያጥቡታል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ነጭ ሆዱን እየሰጠ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም። የሚበቃቸውን በልብሳቸው ይቋጥራሉ፤ የቀረው ከውኃው ጋር ይሄዳል። እንዴት ብዙ ይቀር እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ ብለዋል። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከታች ማንም አልቀለደም።

30ኛው ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ልጅ ናት። ለሳይንሱ እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ አለች። ከ15ቱ ገሚስ የሚሆኑት በክረምቱ መገባደጃ መገጭን፣ ድርማን፣ ርብን፣ ጉማራን ወደ መሳሰሉት ወንዞች እየወጡ ይራባሉ፤ አንዱ ቀደም ብሎ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ዋናው ወንዝ ላይ፣ አንዱ ገባሩ ላይ። ሳይደባለቁ የቆዩት በዚህ ነው። ስለዚህ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው አንድ ሌሊት የሚያጠምደው እናቶቹን ነው። የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ በባሕር ዳር በኩል ሲለካ የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል።

31ኛው ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ከደልጊ በኩል። ንዴቱ ከፊደሉ ይታያል። ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው መረብ በያዘው ላይ ነው። ወንዙን የሚገድበው ማን ነው? አሸዋውን እየዛቀ በሲኖትራክ የሚጭነው ማን ነው? በ2011 እ.ኤ.አ. መገጭ አፍ ላይ እምቦጩ የታየ ጊዜ፣ በኋላም ሐይቁን ሲያለብሰው፣ ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ የነቀለ እሱ ነው፤ የዚያን ጊዜ ዓሣ ተመራማሪ አጠገቡ አላየም። ልጆቹን የሚያበላው ግን ያው መረቡ ነው። ልጅቷ በ32ኛው አልተከራከረችም። እውነት እንደሆነ ጻፈች። ክረምት ላይ፣ ለመራቢያው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ባይጣልስ ብላ ጠየቀችው። እነዚያ ሳምንታት ምን እንበላለን ብሎ ጠየቃት። ሁለቱም ጥያቄዎች ክሩ ላይ እስካሁን መልስ የላቸውም።

ከ33 እስከ 37 ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ሄደ። የሚሄድበትን ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ፤ ጎንደር ውስጥ ዓሣ ተነስቶ ይህ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። በሁዳዴ የዓሣ ዋጋ የሚንረው ሰው ሁሉ ስለሚበላው ነው ያለም፣ መብላቱ መፈቀዱን አያሳይም ያለም ነበር። የአብነት ትምህርቱ አባት በዚህኛው ላይ አንድም ቃል አልጻፉም። ብልኅ ናቸው። መሃል ላይ አንዲት ሴት የዓሣ ዱለት አሠራር አስገባች፤ እሾሃሙን ነጭ ዓሣ ደቃቅ አድርጎ መክተፍ፣ ሚጥሚጣና ቃሪያ ማብዛት። እሾሁ የሚያስቸግረው ወጥ ሲሆን ነው እንጂ ዱለት ሲሆን አይታወቅም አለች። ሞክሬዋለሁ። ትንሽ ይታወቃል።

38ኛው ላይ የጎርጎራዋ ሴት ያልጠበቅነውን አደረገች። ቅዳሜ ጠዋት ከገባው ዓሣ መርጣ፣ ስድስት ነጭ ዓሣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ደርድራ ፎቶ ለጠፈች። ትልቁ አፍ፣ ትንሹ አፍ፣ ከንፈራሙ፣ ጀርባው የጎበጠው፣ ሾጣጣ አፍንጫው። ስድስተኛው ላይ እሷና ጋሼ አልተስማሙም። እሳቸው የአራተኛው ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይጎብጣል አሉ። እሷ አይደለም፣ ይህ አድጎ የሚጨርሰው እዚሁ ላይ ነው፣ ሆዱ እንቁላል ይዟል ብላ ከፍታ አሳየችን። ብርቱካንማ እንቁላል። ጋሼ በ40ኛው እጃቸውን ሰጡ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው በአንድ ፎቶ ሲረቱ ደስ እያላቸው ነበር የጻፉት።

41ኛው እርግጠኛው ነው። ስድስቱም የሚሸጡት በስንት ነው ብሎ ጠየቀ። በአንድ ዋጋ፣ አለችው።

ትናንት ዓሣ የሚያዞረው ልጅ ደወለልኝ። ክሩን አንብቦታል መሰለኝ። ዛሬ ከንፈራሙ እንዳልተገኘ፣ ሰፊ አፉ ግን ሁለት እንዳለው ነገረኝ፤ ላምጣልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሆዱን ሳይከፍት እንዲያመጣው ነገርኩት።